ወይራ የታጠነ ቀፎ

እሁድ እሁድ አንጓች ከቅዳሴ ስትመለስ ልጇ ይደውላል። ድምፁ የልጇ ነው፤ የሚያናግራት ግን ልጇ አይደለም።

ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባታል። ልጇ ይሁኔ የብረት ንቦችን በሚመራው በበራሪዎች ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሾም፣ እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ ወኪል ተሰጠው። ወኪሉ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። በይሁኔ ድምፅ ይናገራል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ የአባቱን ሙት ዓመት አይረሳም። አንጓች መጀመሪያ ላይ ተደስታ ነበር። ልጇ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ለስልክ ሰነፍ ነበርና፣ በየሳምንቱ ሲደውልላት ሹመት ሰው አደረገው ብላ አመሰገነች። ኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ይሁኔ የሚናገረው ነገር ሲከብደው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ትንሽ ልጅ ሆኖ እንስራ ሲሰብር እንኳ "እህም" ብሎ ነበር ወደ እሷ የሚመጣው። እሁድ እሁድ የሚደውለው አንድም ቀን ጉሮሮውን ጠርጎ አያውቅም።

አልተቆጣችም፤ ለማንም አልተናገረችም። "በላህ ወይ?" ትለዋለች። "በልቻለሁ እማ፣ አንቺስ?" ይላታል። እንደማይበላ ታውቃለች። ሳትጠይቀው ብትቀር ግን ነውር መሰላት። ደግሞም ከምትናገረው ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ልጇ ዘንድ የሚደርስ ከሆነ ብላ፣ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቷ ስለ አያ ቢምረው ወገብ ታወራለታለች። ወኪሉ ሁሉንም ያዳምጣል። አይቸኩልም፤ አይሰለችም። ይሁኔ ቢሆን ይህን ጊዜ ሰልችቶት ነበር። ያ መሰልቸቱ ነው የሚናፍቃት።

የአንጓች መንደር ዋንዛ በር ሕይወቱ አበባ በሚያዳቅሉ፣ ሰው ሠራሽ በሆኑ የብረት ንቦች ነው። ባቄላውም፣ ኑጉም፣ ዱባውም ያለ እነሱ አያፈራም። ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ከቀበሌው ማማ ይወጡና ማሳ በማሳ እየተሰለፉ ይሠራሉ። ሲመጡ ሴቶች የተሰጣ ልብስ ያነሳሉ፣ በሬ ይታሰራል፣ ልጆች ቤት ይገባሉ፤ አንዱ በጨርቅ ተይዞ ቢጠፋ ቀበሌው ይጠይቃልና። ድምፃቸው ሰው በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ የሚሰማው ዓይነት ነው። የአሁን ልጆች የንብ ድምፅ ይህ ነው ብለው ነው የሚያድጉት።

ንቦቹ የአንጓች አጥር ጋ ሲደርሱ ግን ከፍ ይላሉ። ለሁለት ይከፈሉና ጓሮዋን ዞረው ከወዲያ ማዶ ይገናኛሉ። በመስተዋት ግድግዳ የተከለለ ነው የሚመስለው።

ምክንያቱን ሰፈሩ ያውቃል። ድሮ አንድ ቦታ አንድ የብረት ንብ መንጋ ቃጠሎ ውስጥ ገብቶ፣ እየነደደ በርሮ፣ እሳቱን ከማሳ ማሳ አዛምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጢስ የሸተታቸውን ቦታ ዓመቱን ሙሉ እንዳይረግጡ በአዋጅ ተደነገገ። በእንጨት የሚያበስል ቤት ደግሞ በዋንዛ በር ከቀረ ቆይቷል። ጢስ የሚወጣው ከአንጓች ጓሮ ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ቀን፣ በጳጉሜን። በዚያ ቀን ቀፎ ታጥናለች።

ቀፎውን የሠራው ይሁኔ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ፣ የመጨረሻው ንብ ከአገሩ በጠፋበት ዓመት፣ ሽመል ሰንጥቆ፣ በሐረግ አስሮ፣ በጭቃና በእበት ለስኖ ሠራው። ንብ በሌለበት ቀፎ ብለው ሰዎች ሳቁበት። እሱ ግን ጓሮ ያለው ዋንዛ ላይ ወጥቶ ሰቀለው። በዚያው ዓመት ለትምህርት የሚወስደው መኪና ሲመጣ፣ ዛፉ ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እማ፣ ንብ የገባበት ቀን እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ማር የምበላው እኔ ነኝ" አላት።

ንብ የሚገባው የታጠነ ቀፎ ነው። አባቷ ሲያደርጉ ያየችውን ታደርጋለች፦ ገል ላይ ፍም ታደርጋለች፣ የወይራ ስንጥር ትጨምርበታለች፣ ቀፎውን አውርዳ አፉን ወደ ጢሱ ትደፋለች። ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። ይህን ስታደርግ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይሁኔ የመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ለአባቱ ቀብር። ሣልስቱን አውጥቶ ተመለሰ። ቀፎውን ቀና ብሎ አይቶት እንደሆነ አላስተዋለችም።

ጢሱ ያስከፍላታል። ዱባዋ ያብባል እንጂ አያፈራም። ያለ ፈቃድ በእጅ ማዳቀል ክልክል ነውና፣ ማለዳ ላይ ሰው ሳያያት ወንዱን አበባ ቀጥፋ ሴቷን አበባ ትነካካለች። እንዲያም ሆኖ የምታገኘው ሁለትና ሦስት ፍሬ ነው። አያ ቢምረው በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ የእሱ ዱባ በረት ሞልቶ ላሟን ሊያስወጣት መሆኑን ይነግራታል። ዘንድሮስ ስንት ወለድሽ እያለ ዱባዋን እንደ ልጅ ይቆጥርባታል። እሷም የአንተ ዱባ አባቱ ብረት ነው ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ነው ያረጁት።

ሕያዎቹ ንቦች የገቡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።

አንጓች ጓሮ ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ የብረቶቹ መሰላት፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። ድምፁም ጥርስ አያፋጭም። ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ፣ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ነው። ቀና ስትል ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ጥቁር ቡኒ ነገር እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። እያየችው ጢሙ አነሰ። ትንንሾቹ ነፍሳት እየተገፋፉ በቀፎው አፍ ይገባሉ። አንዷ መጥታ እጇ ላይ አረፈች። አንጓች አልተንቀሳቀሰችም። ንቧ ላቧን ቀምሳ ሄደች።

አያ ቢምረው ስለ ዱባ ሊያሾፍባት መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። በመጨረሻ የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረና፣ በአፍንጫው እየሳበ፣ ረስቼው ነበር፣ ድምፁን እንደዚህ አድርጌ መርሳቴን አላውቅም ነበር አላት።

"ለልጁ ንገሪው እንጂ" አላት ቀጥሎ። "ቀፎው የሱ አይደል?"

አንጓች ወደ ኩትኳቶዋ ጎንበስ አለች። ነገሩ እዚያ ላይ ነው የከበዳት።

በቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ፊደል የሚማሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ እሷም አንዷ ናት። መምህሯ ፍታለም የንባብ መጽሐፍ ስላልነበራት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን አዋጆች ታስነብባቸው ነበር። አንጓች በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው ነገር የሕያው ንብ አዋጅ ነው። ንብ የሚል ቃል ስላየችበት እሱን መረጠች፤ እየደጋገመች በቃሏ ያዘችው። እንዲህ ይላል፦ ሕያው ንብ ያየ ሰው ያሳውቃል። ስለ ሕያው ንብ የሚወስነው ሰው እንጂ ወኪል አይደለም። መንጋው ከነቀፎው ወደ ጥብቅ ሥፍራ ይወሰዳል። ባለ ቀፎው ጠባቂ ሊሆን ቃል ከገባ ግን ባለበት ይቆያል፤ በዙሪያውም የብረት ንብ አይበርም። ጠባቂው መንጋው በሕይወት እስካለ ድረስ ከቀፎው ርቆ አያድርም። በራሱ ቀፎ ላይ የሚወስን ሹም ሹመቱን ይለቃል።

በዋንዛ በር ደግሞ ዛፉ የማንም ይሁን፣ ቀፎ የሠሪው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

አያ ቢምረውም አዋጁን ያውቃል። አጥሩን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። "ቀፎው የይሁኔ ነው በይ። ሌላ ነገር አትናገሪ። መንጋው ይወሰድ የሚል አንጀት የለውም፤ እኔ አውቀዋለሁ፤ ንብ ሲጠፋ ሳምንት እህል ያልቀመሰ ልጅ ነው። ሕጉ ራሱ አሥሮ ያስቀምጥልሻል።"

አንጓች ያን ሳምንት ሁሉ ይህን ስታስብ ሰነበተች። ስትኮተኩት ታስባለች፤ ውኃ ስትቀዳ ታስባለች። ይሁኔ ቤት ውስጥ ሲተኛ፣ ይሁኔ ጓሮ ሲንጎራደድ፣ ይሁኔ ሰልችቶት "በቃ እማ፣ ሰማሁ" ሲላት። አንድ ቃል ነው የሚያስፈልጋት። ቃሉም እውነት ነው።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። ወኪሉ ደህንነቷን ጠየቀ። ደህና ነኝ አለችው። ዝናቡን ጠየቀ። ደህና ነው አለችው።

"ይሁኔ" አለች።

"አቤት እማ።"

"ንብ ገባ።"

ወኪሉ ዝም አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ብሎ አያውቅም። ከዚያ ልጇ ያልሆነ፣ ሰው ያልሆነ የሴት ድምፅ መጣና፣ ጥሪው በሕጉ መሠረት ወደ ሰው እየተላለፈ ነው አላት። ቀጥሎ ባዶ ድምፅ ሆነ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማት። የሰው እስትንፋስ ተሰማት።

"እህም" አለ።

አንጓች ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እማ?"

"አቤት።"

"በየትኛው ቀፎ?"

"ስንት ቀፎ አለኝ?"

ያኛው ጫፍ ላይ ዝም አለ። ዝምታው ወኪሉ ዝም እንዳለው አልነበረም። ሰው ያለበት ዝምታ ነው።

"ሐሙስ እመጣለሁ" አላት። "በሥራ ነው የምመጣው።"

"በምንም ና።"

ሐሙስ መጣ። አመድማ የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የልብስ ቁልፍ የምታክል ድምፅ መዝጋቢ ተሰክታለች። ከስቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት አውጥቷል፤ ይህን ወኪሉ አልነገራትም። ጉንጩን ሳመችው፣ እንደገና ሳመችው፣ እጁን ይዛ አልለቀቀችም። እሱም አልነጠቃትም። ግን ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ ጓሮውን ይፈልጋል።

ዋንዛው ሥር ሲደርስ ጫማውን አወለቀ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ግንዱን አቅፎ ጥቂት ወጣና ጆሮውን ወደ ቀፎው አስጠጋ። እዚያው ቆየ። ሲወርድ ፊቱ እንደ ልጅነቱ ነበር። ይህን ፊት ለማየት ነው ሃያ ዓመት ወይራ ያጨሰችው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም አጠገቡ። መዝጋቢዋ ገና አልበራችም። ውኃ ሰጠችው፤ ጠጣ። ጣሳውን እጁ ውስጥ እያዟዟረ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቢሮዬ ውስጥ ካርታ አለ" አላት። "የብረት ንቦቹ የሚሠሩበት አገር በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ጢስ ካለ ቀዳዳ ይሆናል። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ እዚህ፣ ዋንዛ በር ላይ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ትከፈታለች።"

አንጓች አየችው።

"የመሣሪያ ብልሽት ነው ብዬ እመዘግባለሁ። በየዓመቱ። ደንብ መጣስ ነው፤ ጢስ ካለ ሄዶ ማጣራት አለብኝ። ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያቺን ነጥብ ነው።"

"ታየኝ ነበር?"

"አይሻለሁ። ሁልጊዜ።"

"ካየኸኝ ለምን አልመጣህም?"

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሲመልስም እሷን አላያትም።

"ቀዳዳዋ ካለች ደህና ነሽ ማለት ነው ብዬ ነው። አንድ ዓመት ሳትከፈት ብትቀር በዚያው ቀን እመጣ ነበር።"

ከላያቸው ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንጓች እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በጢሱ ና ስትለው ኖራለች። እሱ ደህና ነኝ ያለችው መስሎት ኖሯል። አንድ ጳጉሜን ታምማ ብትተኛ፣ አንድ ጳጉሜን ሰንፋ ብትተወው፣ በማግስቱ ደጇ ላይ ያገኘችው ነበር። ልትስቅም ልታለቅስም አልቻለችም። ያጠነችው ቀፎ ነው መንገዱን የዘጋባት።

"እንጀምር" አለ ይሁኔ። መዝጋቢዋን ነካት፤ ትንሽ መብራት በራች። ድምፁ ያን ጊዜ ተለወጠ። እንደ ወኪሉ ሆነ።

"ስምዎ?" አላት።

ልጇ አንቱ ሲላት ሰምታ አታውቅም። "አንጓች" አለች።

"መንጋው መቼ ገባ?"

"መስቀል ባለፈ።"

"ቀፎው የማን ነው?"

አያ ቢምረው ከአጥሩ ወዲያ ዱባ የሚያገላብጥ መስሎ ጎንበስ ብሏል። አንጓች የልጇን እጅ አየች፤ ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ጥፍሩ ሥር አፈር የለም። አንድ ቃል ነው የሚቀራት፤ ቃሉም እውነት ነው። ብትናገረው ሹመቱን ለቆ እዚህ ያድራል። ነገም ያድራል። ንቦቹ እስካሉ ድረስ፣ በየማታው፣ ሕጉ ይዞት። እሷም ሁልጊዜ፣ የያዘው ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም እያለች ልትኖር ነው።

"የኔ ነው" አለች።

ይሁኔ ቀና አለ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ነገር ወደቀ፤ ዱባ ይመስላል።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የማን ነው ብለህ ጠየቅኸኝ። ማን ሠራው ብለህ አልጠየቅኸኝም።"

መብራቷ እንደ በራች ነው። ይሁኔ ከድንጋዩ ሊነሳ ፈለገ፤ አልተነሳም። ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሲያነብ ድምፁ የወኪሉ መሆኑ ቀርቶ ነበር። "ጠባቂ ከሆኑ መንጋው በሕይወት እስካለ ድረስ ከዚህ ርቀው ማደር አይችሉም። እኔ ዘንድ ከተማ መጥተው እንኳ ቢሆን። ይስማማሉ?"

"መች ጠርተኸኝ ታውቃለህ?" አለች። አነጋገሯ ቁጣ የለበትም። "ርቄም አድሬ አላውቅ። እስማማለሁ በል።"

"ይስማማሉ" ብሎ መዘገበ።

ከዚያ የደንቡ ጥያቄዎች አለቁ። የብረት ንቦቹ ከነገ ጀምሮ በጓሮዋ ዙሪያ እንዳይበሩ ታዘዘ፤ አያ ቢምረው ከአጥሩ ወዲያ ዱባዬስ እያለ ሲያጉረመርም ተሰማ። ይሁኔ ጫማውን አደረገ። ክሩን ሲያስር ጎንበስ ብሎ ቆየ።

"ይሁኔ" አለችው።

"አቤት እማ።"

"ንብ ያለበት ቀፎ እንደ ባዶው ተገልብጦ አይታጠንም። ከእንግዲህ በጳጉሜን አላጤስም።"

"አውቃለሁ።"

"ቀዳዳዋ ግን አትዘጋም። ከእንግዲህ በሕግ ነው የተከፈተችው። እኔ ብኖርም ትታይሃለች፤ እኔ ባልኖርም ትታይሃለች።" የልብሱን ክሳድ አቃናችለት። "እሷን አይተህ ደህና ናት እንዳትል። ስለ እኔ ማወቅ ከፈለግህ መጥተህ እይ።"

ይሁኔ ቀፎውን አየ፣ መንገዱ ላይ የቆመውን መኪና አየ።

"ማሩ መቼ ይደርሳል?" አላት።

"አደይ አበባው ካልከዳቸው ኅዳር ላይ።"

መዝጋቢዋ ያን ጊዜ በሴት ድምፅ ተናገረች። ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሚሆን፣ በወኪል ይሁን በሰው ጠየቀችው።

"ኅዳር" አለ። "በሰው።"

ምን እንደሚመረመርም ጠየቀችው።

ይሁኔ እናቱን አያት። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ባለ ቀፎዋ" አለ።

መዝጋቢዋ እንዲህ ያለ መልስ አታውቅም፤ መንጋው ለማለት ፈልገው ነው ወይ ብላ እንደገና ጠየቀችው። እሱም እንደገና ነገራት።